ስማርት መብራት (በቤት ዕድሳት)

መብራትን በስልክ፣ በሰዓት ወይም በእንቅስቃሴ ሴንሰር ለመቆጣጠር የሚያስችል የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ። ዕቅዱ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ማለቅ አለበት፤ የተለሰነን ግድግዳ መልሶ መሰርሰር ለወጪ ይዳርጋል። ከሁሉ የሚቀድመው የኒውትራል ሽቦ (የኤሌክትሪክ ዑደቱን የሚያሟላው የመመለሻ ሽቦ) ጉዳይ ነው። በብዙ ቤቶች በማብሪያ ማጥፊያው ያለው ኃይል የሚያመጣው ሽቦ (ፌዝ) እና ከማብሪያው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ሲሆን፣ ኒውትራሉ በቀጥታ ከጣሪያ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ስማርት ማብሪያ ግን መብራቱ ጠፍቶም ትእዛዝ ስለሚጠብቅ የማያቋርጥ ኃይል ይፈልጋል፤ ለዚህም በአብዛኛው ኒውትራል ያስፈልገዋል። ያለ ኒውትራል የሚሠሩት ዓይነቶች ጥቂት ኃይል በአምፖሉ በኩል ስለሚያሳልፉ አነስተኛ ኤልኢዲ አምፖል ብልጭ ድርግም እንዲል ሊያደርጉ ይችላሉ። ዕቃዎቹ እርስ በርስ ከሚገናኙባቸው ሥርዓቶች መካከል፣ ለኬኤንኤክስ በአብዛኛው የራሱ መቆጣጠሪያ ገመድ ይዘረጋለታል፤ ዚግቢ ያለ ገመድ ይሠራል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ማተር የተባለ የጋራ መስፈርት የልዩ ልዩ አምራቾችን ዕቃዎች ያግባባል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ በእጅ የማይበራ መብራት ለመኖሪያ ቤት አይመከርም።