በልጁ ሞት የተወቀሰ አባት

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ይላል ያገራችን ሰው። የሌላውን ልጅ ለጦርነት መማገድም እንዲሁ ቀላል ነው።

አሜሪካዊው የታሪክ ፕሮፌሰር አንድሪው ቤሴቪች ግን ጦርነትን በራሳቸው ቁስል ያውቁታል። በ1969 (እ.ኤ.አ.) ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተመርቀው ቬትናም ዘመቱ፤ ከ20 ዓመት በላይ አገልግለው በኮሎኔልነት ጡረታ ወጡ። ከፕሪንስተን ዶክትሬት ነበራቸውና ከ1998 ጀምሮ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

ወግ አጥባቂ ቢሆኑም የ2003ቱን የኢራቅ ወረራ አጥብቀው ተቃወሙ። አገራቸው በጦር ኃይል ከልክ በላይ መመካቷን በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ሞገቱ።

በሜይ 2007 የ27 ዓመቱ መኮንን ልጃቸው እዚያው ኢራቅ በፈንጂ ተገደለ። አንዳንዶች ጨክነው «ጠላትን ያበረታ ያንተ ተቃውሞ ነው» የሚል ወቀሳ ላኩባቸው። አባት በዋሽንግተን ፖስት ሲመልሱ፣ ልጃቸው የወታደርነት፣ እሳቸውም የዜግነት ግዴታቸውን እየተወጡ እንደነበር ጻፉ። ይሁንና ጩኸታቸው ምንም እንዳልለወጠ አልደበቁም፤ በዋሽንግተን የሚሰማው ገንዘብ ነው አሉ።

ከ2020 እስከ 2022 ሰሜን ኢትዮጵያ ስትነድ፣ ስንቶቻችን ነን ከሞቀ ቤታችን «በለው!» ያልን? የሞቱት ግን የእኛ ልጆች አልነበሩም። ዳግም «በለው!» ከማለታችን በፊት እኚህን አባት እናስታውስ።