የሾፌሩ ባሌስትራ

ጣርማ በርን ያቋረጠ ሰው ሁሉ ስለ ዋሻው ያወራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራውን በስቶ፣ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ መተላለፊያ አውጥቶ፣ ደብረ ብርሃንን ከደብረ ሲና፣ ከዚያም አልፎ ከደሴ አገናኘ። ስለ ፋሺስቱም፣ ስለ መሐንዲሱም፣ ስለ አርበኛውም ብዙ ተብሏል። ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁል በሚወርደው የጭነት መኪና ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ወገብ ግን የታሪክ ርዕስ ሆኖ አያውቅም። እስቲ ዛሬ ስለሱ እናውጋ።

ከጣሊያን የቀረልን መንገዱ ብቻ አይደለም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ጋቢና… የመኪናን አካል የምንጠራበት ቃል አብዛኛው የነሱ ነው። እያንዳንዱ ብረት ስም ስላለው ሲበላሽ ይታወቃል። ባሌስትራ ከተሰበረ መኪናው ይቆማል፤ ረዳቱ ከስር ይገባል፤ ለባለንብረቱ ይደወላል። የሾፌሩ ወገብ ሲበላሽስ? «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ወይ ደግሞ «ኩላሊቱን ነው»። በርኖስ ተለብሶም ብርዱ በማይቻልበት በመንዝና በጣርማ በር አካባቢ ደግሞ ብርድን መክሰስ ቀላል ነው። ተከሳሹ መልስ አይሰጥማ!

ነገሩ ከጣሊያንም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1904 ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ለአጼ ምኒልክ በእንፋሎት የሚሰራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ። የአዲስ አበባ ሰው «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ከዚያ ፊያቶቹ መጡ፤ ኤን ትሬም በየዳገቱ እያቃሰተ ትውልድ አሻገረ። ቀጥሎ አይሱዙ መጣ፤ በየመንገዱ ከፈጀው ሰው ብዛት «አልቃይዳ» ተባለ። ሲኖትራክ ሲመጣ «ቀይ ሽብር» ተብሎ ተጠመቀ። ልብ በሉ፤ ስም ያወጣነው መኪናው ከፊቱ ያለውን ሰው ስለሚያደርገው ነገር ነው። ከመሪው ጀርባ ያለውን ሰው ስለሚያደርገው ስም አላወጣንም። ደም የለውማ።

ባለሙያዎቹ ግን ስም አላቸው፤ የሙሉ ሰውነት ንዝረት ይሉታል። ከመንገዱና ከሞተሩ ተነስቶ፣ በጎማ፣ በሻሲና በወንበር በኩል አልፎ አከርካሪ ውስጥ የሚገባ መንቀጥቀጥ ማለት ነው። ተቀምጦ ያለ ሰው አካል በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ለሚመላለስ ንዝረት በተለይ ስስ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ሲናጥ ገላችን መንቀጥቀጡን ከማብረድ ይልቅ ያባብሰዋል። ኮረኮንች ላይ የሚሄድ ከባድ መኪና የሚፈጥረው ንዝረት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያሉት ዲስኮች የኛ ባሌስትራዎች ናቸው። የራሳቸው የደም ስር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከተጎዱ ቶሎ አይጠገኑም። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ሲናጥ ውሎ ወርዶ ወዲያው ጎማ ሲያነሳማ ጉዳቱ ይብሳል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ሾፌር ደግሞ ቀስ በቀስ በእግሩ መሄድ ያቅተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። የወገብ ህመም በየቤቱ አለ፤ ገበሬውም፣ እናቶቻችንም፣ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ የሚውለውም ያመዋል። የሾፌሩ ከመኪናው መምጣቱ በምን ይታወቃል? ታሪኩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። መልሱ የተገኘው በመቁጠር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1918 አሊስ ሃሚልተን የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም ኢንዲያና ውስጥ ወደሚገኝ የኖራ ድንጋይ ቆራጮች ከተማ ሄደች። በአየር ግፊት በሚሰራ መዶሻ ድንጋይ የሚጠርቡት ሰዎች ብርድ ሲነካቸው ጣታቸው ነጭ ይሆንና ይደነዝዝ ነበር። ሃሚልተን ሰራተኞቹን አንድ በአንድ አይታ ነገሩ የብርድ ብቻ እንዳልሆነ፣ የመዶሻው ንዝረት እንዳለበት አሳየች። ይሄ የእጅ ነበር። የተቀማጩ ወገብ ተራው እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጀ። በ1960 በትራክተር ነጂዎች አከርካሪና ሆድ ላይ የተሰራ ጥናት ታተመ። በ1974 ንዝረትን ለመለካት ዓለም አቀፍ መስፈርት ወጣ። ጀርመን በ1993፣ ፈረንሳይ በ1999 የነጂዎችን የዲስክ ህመም የሥራ በሽታ ብለው መዘገቡ። የአውሮፓ ህብረት በ2002 ልኩን በቁጥር አስቀመጠ፤ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ንዝረቱ 0.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲደርስ አሰሪው እርምጃ ይጀምራል፤ ከ1.15 በላይ ጨርሶ አይፈቀድም።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። ከመርሐቤቴ ማዶ፣ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ፣ እንሳሮ ወረዳ ውስጥ ለሚ አለች። ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው እዚያ ነው። ሲሚንቶ ማለት ኖራ ድንጋይ ማለት ነው፤ አንድ ቶን ክሊንከር አንድ ቶን ተኩል ገደማ የኖራ ድንጋይ ይበላል። ያ ድንጋይ ከካባው በራሱ እግር አይመጣም። ኤክስካቫተር ይዝቀዋል፤ ገልባጭ መኪና ያመላልሰዋል፤ በሁለቱም ላይ ሰው ተቀምጧል። ብዙዎቹ በኛ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ናቸው። በጎተራ ቀለበት መንገድ ስናልፍ የምናየው ኮንክሪት፣ የምንከራየው ኮንዶሚኒየም፣ ሁሉም በአንድ ሰው ወገብ በኩል አልፎ የመጣ ነው።

ህጉ ባዳ አይደለም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ በሽታን ሲተረጉም በአካላዊ ምክንያት የሚመጣውንም ያካትታል፤ መደበኛውን የሥራ ሰዓትም በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። ንዝረት ከዚህ በላይ አካላዊ ምክንያት ሊሆን አይችልም። መፍትሄውም ሮኬት ማምጠቅ አይደለም። የካባውን መንገድ በግሬደር ቶሎ ቶሎ ማስተካከል፣ ፍጥነት መቀነስ፣ ወንበሩን በሾፌሩ ክብደት ልክ ማስተካከል፣ ነጂዎችን ማፈራረቅ፣ ሲቀጠሩ ወገባቸውን መርምሮ መዝግቦ በየዓመቱ ማየት። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፤ ያልተመዘገበ ወገብ ሁልጊዜ «ብርድ መትቶት ነው» ይባላላ።

የምንጠይቀው ለአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ካባ ላለው ሁሉ ነው። በየመኪናው ጋቢና ውስጥ ዘይት የተቀየረበት ኪሎሜትር የሚጻፍባት ደብተር ትገኛለች። በዚያችው ደብተር ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ሾፌሩ ዛሬ ስንት ሰዓት ተቀመጠ?