የቆብ ዓርማና ሁለተኛው የመተማ ጦርነት

መተማ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው መጋቢት 1881 ዓ.ም.ን፣ ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁበትን ነው። በዚያው ምድር ከ52 ዓመት በኋላ የተደረገው ውጊያ ግን እምብዛም አይወሳም። እኛ ይህን ሁለተኛውን በአንዲት ትንሽ ብረት፣ በወታደር የቆብ ዓርማ በኩል እናየዋለን። «ይኼ የሰብሳቢዎች ጨዋታ ነው» የሚለን አይጠፋም። ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ማንበቡን ለሚያውቅ ብረትም ይመሰክራል።

ኢጣልያኖች ጋላባትን ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ያዙ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊልያም ስሊም 10ኛውን የሕንድ ብርጌድ ይዞ አጠቃ። ከሥሩ የጋርዋል፣ የባሉችና የእንግሊዙ ኤሴክስ ሻለቆች ነበሩ። ጋላባት በዕለቱ ተያዘች፤ ታንኮቹ ግን አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋይ ተሰነካከሉ፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖችም ከላይ ወረዱባቸው። በማግሥቱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ መተማም ሳትያዝ ቀረች። ኢጣልያኖች ለቀው የሄዱት በጥር ነው።

እንግዲህ ግንብና ቁልፍ፣ ከበላዩም ስፊንክስ ያለበት ዓርማ ብናገኝ የኤሴክስ ነው። ስኮትላንዶቹስ? ከጥቅምቱ ውጊያ በኋላ ኤሴክስ ከብርጌዱ ወጥቶ በምትኩ የስኮትላንዱ ሃይላንድ ላይት ኢንፋንትሪ 2ኛ ሻለቃ ገባ፤ በከረንም ተዋጋ። የእሱ ዓርማ ኮከብ፣ ጡሩምባ፣ ዘውድና «አሳዬ» የሚል ጽሑፍ ከዝሆን ጋር አለው። በከረን የነበሩት ካሜሮኖች ደግሞ ቅዱስ እንድርያስን ከነመስቀሉ ያደርጋሉ። ስለዚህ ነጋዴ የዝሆኑን ዓርማ ይዞ «ከጥቅምቱ የጋላባት ውጊያ የተገኘ ነው» ቢለን፣ እንዴት ሆኖ? እንበለው።

ጀርባውንም ገልብጦ ማየት ነው። በስኮትላንድ ዓርማ ላይ አዘውትሮ የሚገኘው ግራና ቀኝ የተበየደ ቀለበት ነው፤ በእንግሊዙ ላይ ወደ ታች የሚወርድ የብረት ምላስ ይበዛል። አንዳንዱ የሠሪውን ስም ይዟል፦ የበርሚንግሃሙ ጎንት፣ የለንደኑ ፊርሚን፣ የኤድንበርጉ ኪርክውድ። ስም የሌለው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት ግን አይደለም። የፕላስቲክ ዓርማ በጦርነቱ ዘመን ብረት ሲቸግር፣ ከጋላባት ውጊያ በኋላ የመጣ ነው። የዘውዱም ቅርጽ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1944 ዓ.ም. ከነገሡ ወዲህ ተለውጧል። በእኛም አገር ቢሆን ሴቫጂያን የተባለው የአዲስ አበባ አርመናዊ አንጥረኛ በሠራቸው ኒሻኖች ጀርባ ስሙን ያትም ነበር።

ታዲያ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ የነበረው ጦር ስሙን በብረት ትቶ ሄደ። ለኢጣልያ የተሰለፈው አስካሪ ሻለቃው የሚታወቀው በመቀነቱ ቀለም ነበር፤ ጨርቅ ደግሞ በመተማ ዝናብና ምስጥ ፊት አይቆይም። አርበኛው ከነጭራሹ ዓርማ የቀረጸለት ፋብሪካ አልነበረውም። የዓርማ ሣጥን ብቻ አይተን የጦርነቱን ታሪክ ብንጽፍ፣ የአገሩን ሰው ከገዛ አገሩ ታሪክ ማስወጣታችን ነው።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ መተማ፣ ወደ ገንዳ ውሃ፣ ወደ ቋራ የምትሄዱ ሁሉ አደራ፦ ዓርማ ካያችሁ በአመድ ከመወልወላችሁ በፊት የት፣ በማን ማሳ እንደተገኘ ጻፉ። ከዚያም በዚያው ማሳ ዳር ያሉትን አዛውንት፣ አባቶቻቸው ስለዚያ ዘመን ምን እንዳወጓቸው ጠይቁ። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈሩ።