ስሙ የተወሰደ፣ ሥራው የተረሳ፦ አቡጊዳና የንባብ እክል

እንደ የካ ሚካኤል ባሉ አድባራት ዙሪያ ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳ የሚባል ሌላ ገበታ ይጠብቀዋል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያለ በዜማ ከላይ እስከ ታች የወረደ ልጅ ፊደል የለየ ይመስላል። ወላጅ ይደሰታል፤ ልጁም ራሱ አውቄያለሁ ብሎ ያምናል። አቡጊዳ ላይ ሲደርስ ግን ያ ዜማ አያድነውም፤ ከግዕዙ አ፣ ከካዕቡ ቡ፣ ከሣልሱ ጊ፣ ከራብዑ ዳ፣ ከኃምሱ ሄ፣ ከሳድሱ ው፣ ከሳብዑ ዞ ተሰልፈው ይመጣሉ። ፊደሉም ዘሩም በየእርምጃው ይለወጣል። በጆሮው የያዘና በዐይኑ የለየ የሚለያዩት እዚህ ነው።

ይህ ጽሑፍ አቡጊዳ በንባብ እክል (ዲስሌክሲያ) ጥናት ውስጥ ሳይጠየቅ የቀረ ምስክር ነው ብሎ ይከራከራል። አለመጠየቁ የሚያስገርመው ስሙ በዓለም የታወቀ በመሆኑ ነው። አሜሪካዊው የጽሕፈት ታሪክ ተመራማሪ ፒተር ዳንኤልስ በ1990 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንደ ግዕዝና እንደ ሕንድ ያሉትን፣ ተነባቢና አናባቢ ባንድ ምልክት የሚቋጠሩባቸውን ጽሕፈቶች “አቡጊዳ” ብሎ ሰየማቸው። ስያሜው ተወደደ፤ ዛሬ ብዙ የቋንቋ ጥናት መማሪያዎች ይዘውታል። ዳንኤልስ የጽሕፈት ዓይነት ለይቷል፤ ክሱ በዚያ ላይ አይደለም። ቅሬታው የመምህሩን መሣሪያ ስም ወስዶ መሣሪያው ለምን እንደተሠራ አለመጠየቁ ላይ ነው።

የንባብ እክል ጥናት ታሪክ ሌላ ቦታ በሰፊው ስለተጻፈ እዚህ ባጭሩ ብቻ ይነሣል። “ዲስሌክሲያ” የሚለውን ስም ጀርመናዊው የዐይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን በ1887 አወጣ። በ1896 እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን ፐርሲ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ አሳተመ። ልጁ ብልህ ነው፣ ሒሳብ ይችላል፣ የራሱን ስም ሲጽፍ ግን ፊደል ያዛውራል። መምህሩ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ጎበዞች ቀዳሚው ይሆን እንደነበር መስክሯል። የቃል ትምህርት ባለበት፣ ዐይነ ስውራን መሪጌቶች በሚያስተምሩበት አገር ላለ አንባቢ ይህ ዓረፍተ ነገር የተለየ ትርጉም አለው።

ዋናው ክርክር ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሊዮናርድ ካትዝና ራም ፍሮስት በ1992 ጽሕፈቶችን፣ ፊደሉ ከድምፁ ምን ያህል እንደሚርቅ አይተው፣ ጥልቅና ጥልቀት አልባ ብለው ከፈሉ፤ ሰርቦ-ክሮኤሽያኛ ቀላሉ፣ እንግሊዝኛና ዕብራይስጥ ከባዱ ዳር ላይ ቆሙ። በ1993 ሃይንዝ ቪመር በጀርመንኛ የሚማሩ የኦስትሪያ ልጆችን መርምሮ በግልጽ (ጥልቀት አልባ) ጽሕፈት ውስጥ እክሉ ከስሕተት ይልቅ በዝግታ እንደሚታይ አሳየ። ከነዚህ ጥንቁቅ ጥናቶች እኛ ዘንድ የደረሰው ግን አንድ ጥሬ መደምደሚያ ነው፦ አማርኛ እንደሚነገር ይጻፋል፣ ስለዚህ ዲስሌክሲያ የእንግሊዝኛ ጣጣ ነው። በመምህራን መካከል የሚናፈሰው ይህ አባባል ሁለት ነገር ይዘነጋል።

የመጀመሪያው ሳድስ ነው። የትምህርት ቤት በር ላይ የሚጻፈውን “ትምህርት” የሚለውን ቃል ብቻ እንይ፦ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። የመጀመሪያው ት አናባቢ አለው፣ የመጨረሻው ት የለውም፤ ቅርጻቸው ግን አንድ ነው። ልጁ ይህን ከፊደሉ ሊያገኘው አይችልም፤ ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ማወቅ አለበት። ቅርጹም ቢሆን አይረዳውም። ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ በአመዛኙ ደንብ አላቸው፤ ሳድስና ሳብዕ ግን ከፊደል ፊደል ይለያያሉ። ል፣ ም፣ ር እና ን የተባሉትን የሚያስተሳስር ምልክት የለም፤ እያንዳንዱ ለብቻው መያዝ አለበት። 33 ፊደላት በ7 ዘር ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ገና አልተቆጠሩም። ሶናሊ ናግ በ2007 በካናዳ ቋንቋ (በደቡብ ሕንድ፤ አገሩ ካናዳ አይደለም) ላይ ባሳተመችው ጥናት የዚህ ዓይነት ሰፊ ገበታ የሚጠይቀው ጊዜ ከላቲን ፊደላት ጋር እንደማይወዳደር፣ ልጆቹም ለዓመታት እንደሚማሩት አሳይታለች። የእኛን ልጅ በላቲን ሰዓት መለካት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሁለተኛው ጥብቀት ነው። ገና (እስካሁን) እና ገና (በዓሉ)፣ ዋና (በውኃ) እና ዋና (ትልቁ)፣ አለ (ተናገረ) እና አለ (ኖረ) በጽሑፍ አይለዩም። “ልጁ ይበላል” እና “ዳቦው ይበላል” ላይ ግሡ አንድ ዓይነት ይጻፋል፤ ሲነበብ ግን አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል። ጎበዝ አንባቢ ከዐውዱ ይፈታዋል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ግን ፊደል እየለቀመ የሚሄድ ልጅ እዚያ ሲደርስ የዓረፍተ ነገሩ መነሻ ከአእምሮው ወጥቷል። አላልቶት ያልፋል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ክፍሉ ይስቃል። የቪመር “ዝግታ” በአማርኛ ወደ ስሕተት የሚለወጠው በዚህ መንገድ ይመስላል። ይህ በሙከራ ገና መረጋገጥ አለበት፤ የቋንቋው አሠራር ግን ወደዚያው ያመለክታል።

የቄስ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ያውቅ ነበር። ፊደል ለይቶ አቡጊዳን ያለፈ ልጅ በመልእክተ ዮሐንስ ላይ መጀመሪያ በቁጥር፣ ቀጥሎ በግዕዝ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይሄዳል። ያንኑ ገጽ ደጋግሞ፣ በየጊዜው በሌላ ፍጥነትና በሌላ ድምፅ ያነበዋል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ፣ ጠብቆ፣ ላልቶ የሚባሉት ከመምህሩ አፍ ይቀዳሉ፤ ገጹ እንደማይሸከማቸው ይታወቃልና። እዚያ ክፍል መድገም የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ካለበት ይቀጥላል፤ የስድስት ዓመቱና የአሥር ዓመቱ ልጅ አንድ መደብ ላይ ተቀምጠው የተለያየ ገጽ ይይዛሉ።

ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አቡጊዳም እንደ ሀሁ በቃል ይያዛል ይባላል። ልክ ነው፤ ለዚህም ነው መምህሩ በስንደዶ ከታች ወደ ላይ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየጠቆመ የሚጠይቀው። ቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ይገርፋል ይባላል። ይገርፋል፤ ዘመናዊውም ሲገርፍ ኖሯል፤ አለንጋው ስለ አቡጊዳ የሚነግረን ነገር የለም። ሦስተኛው፣ ትውፊቱ ትምህርት ያልገባውን ልጅ ዐይነ ጥላ አለበት ብሎ ወደ ጠበል ይልከዋል፣ አብሾ ያጠጣዋል የሚለው ነው። ይህ ከባድ ነው፤ ነገር ግን የመንደሩን ማብራሪያ ከመምህሩ መሣሪያ ጋር ማምታታት ነው።

ስንክሳር ግንቦት 11 ላይ የሚተርከው የቅዱስ ያሬድ ታሪክም እዚህ ሊጠቀስ ይገባል። ትምህርት ያልያዘለት፣ መምህሩ ጌዴዎን የገረፈው፣ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ እየወደቀ የሚወጣውን ትል ያየው ልጅ ሁልጊዜ ለትጋት ምሳሌ ይጠቀሳል። ከዘመናት በኋላ በተጻፈ ቅዱስ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ያሬድ ዲስሌክሲያ ነበረበት ማለት አይቻልም፤ እዚህም አይባልም። ሆኖም የቤተ ክርስቲያኒቱ ታላቅ የዜማ ሊቅ ልጅነቱ በትምህርት ውድቀትና በግርፋት መጀመሩን ሊቃውንቱ ሳያፍሩ መዝግበውታል። የወደቀው በንባብ፣ የተነሣው በጆሮና በድምፅ መሆኑ ሞርጋን ከጻፈው ከፐርሲ ታሪክ ጋር ሲነበብ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በ2010 በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በኢትዮጵያ የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል በትክክል ማንበብ እንዳልቻሉ አስታወቀ። ቁጥሩ ብዙ አስደንግጧል፤ ድህነት፣ የክፍል ጥበት፣ የመጽሐፍ እጥረት ተነሥተዋል፤ ሁሉም ተገቢ ናቸው። ያልተነሣው የምዘናው አንዱ ክፍል ራሱ ነው። ልጁ ፊት ፊደላት ተዘበራርቀው የተጻፉበት ወረቀት ይቀመጣል፤ ሰዓት ተይዞ ያነባል። ከባሕር ማዶ በሥልጠና መመሪያ ታጅቦ የመጣው ይህ ወረቀት፣ የሰዓቱን ነገር ትተን፣ አቡጊዳ ነው። ምዘናው ግን ልጁ ያንኑ ፊደል በተራው ሲያነብ ስንት እንደሚያውቅ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ገና ያልተማረውንና ተምሮም በዐይኑ መለየት ያቃተውን ባንድ ዜሮ ይደምራቸዋል።

የካ ሚካኤልና መምህራን የሚሠለጥኑበት የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። የሚያስፈልገው ጥናት ከዚያ ርቀት አያልፍም፦ ያንኑ ልጅ አንድ ቀን በሀሁ ገበታ፣ በሌላ ቀን በአቡጊዳ ማስነበብ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መጻፍ፣ ከስድስት ወር በኋላ መድገም። ልዩነቱ የጠበበለት ልጅ ጊዜ ያንሰው ነበር ማለት ነው። ያልጠበበለትን በቁጥር፣ በግዕዝና በውርድ ንባብ ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርጎ ለውጡን መመዝገብ የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ይሆናል።