የሮብ ገበያው ጠርሙስ

በሮብ ገበያ በእንግድነት የተቀበሉኝ አንዲት እናት ከሣጥን ግርጌ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጡልኝ፤ የዳጉሳ አረቄ ነው። «በ1982 ዓ.ም. ልጄ ሲዘምት ያወጣሁት ነው፤ ሲመለስ ሊጠጣው» አሉኝ።

ብሔራዊ ውትድርና የታወጀው በ1975 ዓ.ም. ነበር። በየካቲት 1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ጎጃምን አዳረሰ፤ በግንቦት ደርግ ወደቀ። የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ሲያልፍ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ልጁ ግን አልመጣም።

«ቅመሰው ልጄ» ቢሉኝ ቀመስኩት። ትናንት የወጣ ይመስል ጉሮሮ ይለበልባል! ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ እንዴት አልበረደም?

አሜሪካኖች ቦርቦን የሚሉት ውስኪ ከግማሽ በላይ በቆሎ ነው። ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ይከርማል፤ ቀለሙንና ጣዕሙን ከእንጨቱ ይወስዳል፤ በየዓመቱም ጥቂት ጥቂቱ ይተናል። የሚያስረጀው እንጨቱ ነው። ጠርሙስ ግን በሚገባ ከተከደነ አይሰጥም፣ አይነሳም።

ይህን ለእናት አልነገርኳቸውም። እሳቸው የፈለጉት አረቄው እንዲያረጅ አልነበረም፤ ልጃቸው የሄደበት ቀን እንዳለ እንዲቆይላቸው ነበር። ቆይቶላቸዋል። ክዳኑን አጥብቀው መልሰው ጠቀለሉት።