አንድ ሶፍትዌር ስንት ኮምፒውተር ላይ መጫን ይፈቀዳል?

በነፋስ መውጫም ሆነ በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገብታችሁ «ዊንዶውስና ኦፊስ ጫንልኝ» ብትሉ ባለሙያው ፍላሹን ሰክቶ ወዲያው ይጭንላችኋል። ያችው ፍላሽ ነገ ለሌላ አስር ኮምፒውተር ታገለግላለች። ስለሠራ ግን ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ለኮምፒውተር ቤቶች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለቢሮዎች ይጠቅማል ያልነውን እነሆ።

🔹 ላይሰንስ ማለት ምንድን ነው?

ሶፍትዌር ስንገዛ የምንገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነው። ስንት ኮምፒውተር ላይ፣ ስንት ሰው፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀምበት የሚወስነው ይሄ ፈቃድ ነው። ስንጭን ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን የምናልፈው ረጅም ጽሑፍ ውሉ እሱ ነው።

🔹 የሀገራችን ሕግ ምን ይላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። አዋጁ ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ማዘጋጀትን ቢፈቅድም ይሄ ለሶፍትዌር በቀጥታ አይሠራም። ለሶፍትዌር የተለየ ድንጋጌ አለ፤ አንቀጽ 14። በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ፕሮግራሙን ለተገኘበት ዓላማ ኮምፒውተሩ ላይ ለመጠቀም፣ ወይም ቢጠፋና ቢበላሽ መተኪያ እንዲሆነው አንድ ቅጂ መያዝ ይችላል። ከዚያ ቅጂ ለጎረቤት ማባዛት እዚህ ውስጥ አይገባም።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። በወንጀል ሕጉ የከበደ ቅጣት ከሌለ በቀር አዋጁ በ1996 ሲወጣ ሆን ብሎ መብት በጣሰ ሰው ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት በጣሰ ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ደንግጓል። አዋጁ በቅድሚያ የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንንና እዚህ ነዋሪ የሆኑትን ሥራ ስለሆነ፣ የሀገር ልጅ የሠራውን ሶፍትዌር በፍላሽ ማዞር ቀጥታ የሰውን እንጀራ መንካት ነው።

🔹 ዋና ዋናዎቹ የላይሰንስ ዓይነቶች

👉 ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ፦ ብዙ ላፕቶፖች ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ነው የሚሸጡት። ይሄ ፈቃድ ከዚያው ኮምፒውተር ጋር የተሳሰረ ነው። ኮምፒውተሩ ሲሞት ፈቃዱም አብሮ ያልቃል፤ ወደ ሌላ አይዛወርም።

👉 ለብቻው የተገዛ፦ አንድ የዊንዶውስ ፈቃድ ለአንድ ኮምፒውተር ነው። ከአሮጌው አጥፍቶ አዲሱ ላይ መጫን ይቻላል፤ ሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ግን አይቻልም።

👉 የድርጅት፦ ብዙ ኮምፒውተር ላለው ተቋም በቁጥር የሚሸጥ ነው። ለ20 የተገዛ 21ኛው ላይ አይጫንም፤ ሠራተኛም ወደ ቤቱ አይወስደውም። አንዱ ዓይነት በየ180 ቀኑ ውስጥ ከተቋሙ ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አክቲቬሽኑ ያበቃል።

👉 በክፍያ የሚታደስ፦ ማይክሮሶፍት 365 የግል ለአንድ ሰው፣ የቤተሰቡ እስከ 6 ሰው ነው። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ 5 መሣሪያ ላይ መግባት ይችላል። ልብ በሉ፦ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ካላገኘ ፋይል ማረምና አዲስ መጻፍ ይከለክላል። ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ላየን ለኛ አካባቢ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

👉 በተጠቃሚ ቁጥር፦ አንዳንድ የሒሳብ ሶፍትዌሮች የአንድ ተጠቃሚና የብዙ ተጠቃሚ ተብለው ይሸጣሉ። የአንዱን ገዝቶ ሦስት ሒሳብ ሠራተኛ መጠቀም ውሉን መጣስ ነው።

👉 ለግል ብቻ ነፃ፦ ቲምቪወርና ኤኒዴስክ ቤት ውስጥ ለግል ሲሆኑ ነፃ ናቸው፤ ለቢሮና ለንግድ ግን ይከፈልባቸዋል።

🔹 «ክራክ»ስ?

ክራክ ለመጫን መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ይባላል። በሩን ከፍቶ ሌባ መጠበቅ ማለት ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የሚገባበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው። የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቢሮ ደመወዝ ሰነድ፣ የነጋዴ ሒሳብ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል።

🔹 ገንዘብ ከሌለስ?

በፈለጋችሁት ኮምፒውተር ብዛት መጫን የሚፈቀድ ነፃ ሶፍትዌር ሞልቷል። በኦፊስ ፈንታ ሊብሬ ኦፊስ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ፣ በፎቶሾፕ ፈንታ ጂምፕ አለ። በፍላሽ ማዞርም ሆነ ለንግድ መጠቀም ይቻላል። ለአማርኛ ጽሑፍ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ኪማንም ነፃ ነው። በዩኒኮድ ስለሚጽፉ ሰነዱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ አይዘበራረቅም።

🔹 ለቢሮና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች

✔️ ስንት ኮምፒውተር እንዳለና ምን እንደተጫነበት መዝግቡ።
✔️ ደረሰኝና የፈቃድ ቁልፉን አንድ ላይ አስቀምጡ፤ ባለሙያው ሲቀየር አብሮ እንዳይጠፋ።
✔️ ኮምፒውተር ስትገዙ ዊንዶውሱ ሕጋዊ ፈቃድ እንዲኖረው በጨረታ ሰነዱ ላይ ጻፉት።
✔️ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አክቲቬሽን የሚለውን እዩ፤ መነቃቱንና የፈቃዱን ሁኔታ ይነግራችኋል።

ኮምፒውተር ቤት ለከፈቱ ወንድምና እህቶቻችን ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን።