ከደጃፍ እስከ መማሪያ ክፍል፤ የሕንፃ ውስጥ ገመድ አልባ ግንኙነት ወጪ አሸፋፈን አጭር ታሪክ

አንድ ትልቅ ድርጅት በሕንፃዎቹ ውስጥ የገመድ አልባ ግንኙነት ለማዳረስ ሲያስብ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የቴክኒክ ጥያቄ ይመስላል። ይኸውም ስንት አንቴና ያስፈልጋል፣ ሞገዱስ የትኛውን ግድግዳ ማለፍ ይችላል የሚለው ነው። ታሪኩ ሲመረመር ግን ወሳኙ ጥያቄ ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ሆኖ ይገኛል። የገንዘቡ ምንጭና ገንዘቡ የሚታደልበት ደንብ አገልግሎቱ ማንን አስቀድሞ እንደሚደርስና ማንን ወደ ኋላ እንደሚያስቀር ይወስናሉ። ለዚህም የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ያለፉበት መንገድ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የመነሻው ደንብ

እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ኮንግሬስ ያጸደቀው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት የመገናኛ አገልግሎት በቅናሽ እንዲያገኙ ደነገገ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በሕጉ መሠረት የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1997 ኢ-ሬት የተባለውን ፕሮግራም አቋቋመ። ገንዘቡ የሚገኘው የቴሌኮሙኒኬሽን ኩባንያዎች ከገቢያቸው ከሚከፍሉት መዋጮ ሲሆን፣ ኩባንያዎቹም ይህንኑ በደንበኞቻቸው ሒሳብ ላይ ይጨምሩታል። የዓመቱ ወጪ ጣሪያ 2.25 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ቅናሹም እንደ ተማሪዎቹ የድህነት መጠንና እንደ ትምህርት ቤቱ አካባቢ ከመቶ 20 እስከ 90 ይደርስ ነበር።

ችግሩ የተፈጠረው ከቅደም ተከተሉ ነው። እስከ ትምህርት ቤቱ የሚደርሰው የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት አንደኛ ቅድሚያ ሲሰጠው፣ በሕንፃው ውስጥ የሚዘረጋው መስመርና መሣሪያ በሁለተኛ ደረጃ ተመደበ። ለሁለተኛው የሚደርሰው ከአንደኛው የተረፈው ብቻ ስለነበረ፣ እርሱም ከፍተኛ ቅናሽ ከተፈቀደላቸው ትምህርት ቤቶች ጀምሮ ይታደል ስለነበረ፣ በመካከለኛ ደረጃ የሚገኙት ባዶ እጃቸውን ይቀሩ ነበር። ከ2005 ጀምሮ አንድ ትምህርት ቤት ይህን ድጋፍ ከአምስት ዓመት ውስጥ በሁለቱ ብቻ እንዲያገኝ ተወሰነ። ይሁን እንጂ እጥረቱ አልተቃለለም። በ2013 የበጀት ዓመት ለሕንፃ ውስጥ ሥራ የተረፈ ገንዘብ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ታብሌትና ላፕቶፕ ወደ መማሪያ ክፍሎች በመግባት ላይ ነበሩ። ስለዚህ ኢንተርኔቱ እስከ ደጃፍ ደርሶ ተማሪው ከተቀመጠበት ወንበር ሳይደርስ ይቀር ነበር።

የ2014 ለውጥ

ኮሚሽኑ በ2014 ደንቡን ከመሠረቱ ለወጠው። በመጀመሪያ፣ ለተራ የስልክ አገልግሎት ይሰጥ የነበረው ድጋፍ በየዓመቱ እየተቀነሰ እንዲቀር ተወሰነ። በዚህም አዲሱን ለማብቀል አሮጌውን መተው ግድ ሆነ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚፈቀደው የሕንፃ ውስጥ ወጪ በተማሪ ቁጥር ተመጥኖ በአምስት ዓመት 150 ዶላር በነፍስ ወከፍ ሆነ። ሦስተኛ፣ ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ከፍተኛ ቅናሽ ከመቶ 90 ወደ 85 ዝቅ አለ። ትምህርት ቤቶች መሣሪያውን ከመግዛት ይልቅ በኩባንያ የሚተዳደር የዋይፋይ አገልግሎት መከራየት ቢመርጡም ድጋፉ ተፈቀደላቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፕሮግራሙ ጣሪያ ወደ 3.9 ቢሊዮን ዶላር ከፍ ተደረገ።

የደንቡ ውጤት በምሳሌ ሲሰላ እንዲህ ነው። 500 ተማሪዎች ላሉት ትምህርት ቤት የሚፈቀደው ወጪ 75,000 ዶላር ይሆናል። ቅናሹ ከመቶ 85 ከሆነ ትምህርት ቤቱ የሚከፍለው 11,250 ዶላር ነው፤ ከመቶ 20 ከሆነ ግን 60,000 ዶላር ነው። ድሃው የበለጠ ይደገፋል፤ ሌላውም ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። አሠራሩ በ2019 ቋሚ ሆኖ የነፍስ ወከፉ መጠን 167 ዶላር እንዲሆን ተወሰነ።

ሌላው መንገድ

የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር የተከተለው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ትራንዚት ዋየርለስ የተባለው ኩባንያ መሣሪያውን በራሱ ገንዘብ ዘርግቶ የሞባይል ስልክ ድርጅቶችን እንዲያስከፍል፣ ለባቡሩ ባለሥልጣንም ገንዘብ እንዲከፍል ተዋዋለ። የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች በ2011 አገልግሎቱን አገኙ፤ በ2017 መጀመሪያ ላይ ከምድር በታች ያሉት ጣቢያዎች ተዳረሱ። ሕዝብ ከማይቆምባቸው ዋሻዎች ግን አብዛኞቹ ቀሩ። ወደ 670 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ዋሻ የሚያካትት ስምምነት የተገለጸው በ2022 ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ የምንረዳው እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ዋጋ ያለው መሆኑን ነው። የግል ባለሀብት ድርጅቱን ከመነሻ ወጪ ያድነዋል፤ ነገር ግን ደንበኛ ወዳለበት ያደላል። የመማሪያ ክፍል ደግሞ እንደ ባቡር ጣቢያ መንገደኛ አይጎርፍበትም። የጋራ መዋጮ ወደ ድሃው መድረስ ቢችልም፣ የማደያው ደንብ ከተዛባ ገንዘቡ ከደጃፍ አያልፍም፤ መሠረቱም በሕግ ሊፈተን ይችላል። የአሜሪካው ፈንድ ሕጋዊነት ተጠይቆ የጸናው በሰኔ 2025 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ6 ለ3 ውሳኔ ነው። ስለሆነም የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ስለ መሣሪያ ከመወያየታቸው በፊት፣ በመጨረሻው ክፍል የተቀመጠው ተማሪ በተራው ስንተኛ እንደሆነ ሊጠይቁ ይገባል።